"ልጅዎን ይከታተሉ" ተብሎ ይላክልኛል፤ የኬጂ ልጅ ያላችሁ እንዴት ነው የምታደርጉት?

እናት ከሰሚት፦

ሰላም ለዚህ ቤት። በተለይ ኬጂ ልጅ ያስገባችሁ እስቲ ሀሳብ ስጡኝ።

ልጄ አምስት ዓመቷ ነው። የግል ትምህርት ቤት ዩኬጂ ትማራለች። ስሙን አልጠራም፣ ከጓደኞቼ እንደምሰማው ሌላውም ቦታ ያው ነው። እኔ ከሥራ ወጥቼ ቤት ስደርስ አንድ ሰዓት ያልፋል፣ የታክሲ ሰልፍ ካለማ ሁለት ሰዓት ነው። ባለቤቴ ሾፌር ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ ክፍለ ሀገር የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ልጅቷን ከሰርቪስ የምትቀበላት፣ የምታበላት፣ የምታጥባት እናቴ ናት። እናቴ ደግሞ ፊደል አልቆጠረችም።

ማታ ቦርሳዋን ስከፍት ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ፣ ቲቸሯና ወላጅ የሚጻጻፉበት ደብተር ማለት ነው፣ በቀይ እስክሪፕቶ "እባክዎ ልጅዎን ይከታተሉ" ይላል። ምኗን ነው የምከታተለው? አይልም። ከሱ ሌላ ሁለት ሦስት ገጽ ዎርክሺት አለ፣ አንዳንድ ቀን ዲክቴሽን ይጨመርበታል፣ ሁሉም ደግሞ በእንግሊዝኛ። ልጅቷ በዚያ ሰዓት እንቅልፍ ይዟት ሄዷል። ቀስቅሼ እጇን ይዤ ሳጽፋት እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ እጮሃለሁ፣ እናቴ "ተያት፣ ልጅ ናት እኮ" ትላለች። ጎረቤቴ እንደውም በግራ እጇ የልጅ ጽሑፍ አስመስላ ራሷ ትሞላዋለች፣ ልጇም በማግስቱ ኮከብ ተለጥፎለት ይመጣል።

የምጠይቃችሁ፣ አስጠኚ ልቅጠርላት ወይ? እናቴስ ቀን አብራት ስትውል ምን ልታግዛት ትችላለች? ደግሞ ትምህርት ቤቱን ማናገር እፈልጋለሁ፣ ግን ልጄ ላይ ጥርስ እንዳይነከስባት እፈራለሁ። ያናገራችሁ ካላችሁ እንዴት ብላችሁ ነው የጀመራችሁት?

አባት ከገርጂ፦

እህቴ፣ እኔ በቀጥታ ልንገርሽ። ለዚህ ትምህርት ቤት በየወሩ የምትከፍዪው ለምንድን ነው? እኔ መኪናዬን ጋራዥ ሳስገባ መካኒኩ "ማታ ቤትህ ወስደህ ቦሎኑን አጥብቅ" አይለኝም። መመዝገቢያ ከፍያለሁ፣ የሰርቪስ ከፍያለሁ፣ የደብተርና የዩኒፎርም ከፍያለሁ፣ ከዚያ ማታ ደግሞ እኔው አስተማሪ ልሁን? ማስተማር የነሱ ሥራ ነው፣ የኔ ሥራ ልጁን አብልቼ፣ አስተኝቼ፣ በሰዓቱ መላክ ነው።

አስጠኚ ግን እንዳትቀጥሪ። አምስት ዓመት ልጅ ከስምንት ሰዓት በላይ ተምራ መጥታ እንደገና ቤት ውስጥ ክፍል ልትከፍችባት ነው?

የኬጂ ቲቸር፦

እኔ በዚሁ ሥራ ላይ ስላለሁ ትንሽ ልርዘም፣ ታገሡኝ።

መጀመሪያ ስለዚያ ስለ ቀይ እስክሪፕቶው። እኔ ክፍል ውስጥ ከ30 በላይ ልጅ አለ፣ ረዳት አንድ ናት፣ እሷም ግማሹን ቀን ልጅ ሽንት ቤት ስታመላልስ ነው የምትውለው። ኮሙኒኬሽን ቡኩን የምንጽፈው ልጆቹ ምሳ ሲበሉ ወይም ሲተኙ ነው። ባዶ እንዳይሄድ ደግሞ ከላይ ትዕዛዝ አለ። በዚያ ሰዓት ለሁሉም ልጅ የራሱን ነገር ልጻፍ ብል ሰርቪሱ ጥሎኝ ይሄዳል። ስለዚህ "ይከታተሉ" የሚለው ብዙ ጊዜ ምንም ማለት አይደለም። ልጅሽ ችግር አለባት ብለሽ እንቅልፍ አትጪ፣ ከባድ ነገር ቢኖር ስልክ ይደወልልሽ ነበር።

ሆም ወርኩ ለምን እንደሚበዛ ደግሞ ልንገራችሁ፣ እዚህ ላይ ወላጅም አይከፋው። ሆም ወርክ ያልላክን ቀን ቢሮ ድረስ የሚመጣው ወላጅ ነው። "የእህቴ ልጅ እኮ አነስ ትላለች፣ በእንግሊዝኛ ታነባለች" ይባላል። ከዚያ ኃላፊዋ እኛን ትጠራለች፣ በማግስቱ ሁለት ገጽ ይጨመራል። የትምህርት ፖሊሲው ከ1986 ጀምሮ የሚለው ኬጂ ለልጁ ሁለንተናዊ ዕድገትና ለመደበኛ ትምህርት ዝግጅት ነው ነው። አጻጻፉ እንዲያምር ማታ ማታ ይለቀስ አይልም። እኛ ቲቸሮቹ ኮሌጅ የተማርነውም በጨዋታ ማስተማርን ነው፣ ግን ጨዋታ ደብተር ላይ አይታይም፣ ደብተር ላይ ያልታየ ነገር ደግሞ ወላጅ ፊት ቀርቦ አያውቅም።

ለእናትሽ የምልሽ ግን ደስ የሚል ነገር ነው። እርሳስ መያዝ የሚፈልገው የጣት ጡንቻ ነው። ክፍል ውስጥ እርሳስ ሲሰጣቸው ጣታቸው የሚዝል ልጆች ብዙ ናቸው፣ ምክንያቱም ቤት ውስጥ የሚነኩት ስልክ ብቻ ነው። እማማ ምስር ሲለቅሙ ልጅቷን አጠገባቸው ያስቀምጧት። ጠጠሩን በሁለት ጣቷ እያነሳች አንድ ሲኒ ውስጥ ታስቀምጥ፣ ሲያልቅ ስንት ጠጠር እንደሆነ አብረው ይቁጠሩ። ባቄላ እሸት ሲሆን ትፈልፍል። ሊጥ ሲቦካ ቁራሽ ተሰጥቷት ታድቦልቡል። እኔ ክፍል ውስጥ ይሄንኑ ለማሠራት ፕላስቲሲን ግዙልኝ ብዬ ስለምን ነው የምውለው። ሌላው ተረት ነው። "ተረት ተረት" "የላም በረት" የሚባባል ልጅ የሰማውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መያዝ ይለምዳል፣ እንቆቅልሽ የለመደ ደግሞ ጥያቄ ሲጠየቅ አይደነግጥም። በአማርኛ ብዙ ቃል ያለው ልጅ እንግሊዝኛውንም ቶሎ ይይዛል፣ ይሄን በየዓመቱ በዓይኔ አያለሁ።

ለገርጂው ወንድሜ፣ መኪናህ እኮ ጋራዥ ስትሄድ እናቷን አትናፍቅም። ልጅህ ማታ የት እንደተኛ፣ ማን እንደተቆጣው፣ አባቱ ክፍለ ሀገር እንደሄደ እኔ ካላወቅኩ ጠዋት ጥግ ይዞ ሲያለቅስ ምን ላድርገው? ማታ አስተማሪ ሁን አላልንም። ንገረን ነው ያልነው። ብዙ ወላጅ ክፍል ድረስ የሚመጣው አንድ ቃል ለማለት ብቻ ነው፣ "አስቸግሮሽ ከሆነ ቆንጠጥ አድርጊልኝ"። ይሄ መተባበር አይደለም።

ወመህ የነበርኩ፦

የቲቸርን ሀሳብ አንብቤ ሳቄ መጣ፣ እውነት ስለሆነ።

እኔ የመንግሥት ትምህርት ቤት የወላጅ መምህር ህብረት ውስጥ ነበርኩ፣ ትንሹ ልጄ ቅድመ አንደኛ እዚያው ግቢ ነበር የሚማረው። ወረቀት ላይ የወላጅ ድርሻ ትልቅ ነው። በ1994 በወጣው የትምህርት አመራርና የህብረተሰብ ተሳትፎ መመሪያ ህብረቱ በትምህርት ቤቱ ዕቅድም በበጀትም ላይ ድምፅ አለው። የትምህርት ቤት ማሻሻያ ፕሮግራሙም ሲመጣ ከአራቱ ርእሶች አንዱ የህብረተሰብ ተሳትፎ ነበር። ስብሰባ ስንገባ ግን ተሳትፎ የሚባለው መዋጮ ነው። የአጥር፣ የጥበቃ ደሞዝ፣ የሽንት ቤት በር። ትዝ ይለኛል፣ ስለ አጥር ከጥዋት እስከ ምሳ ተከራክረን፣ አንድ እናት እጇን አውጥታ "ልጄ ፊደል አልለይ አለ፣ ምን ላድርግ?" ስትል ሰብሳቢው "እሱን በሌላ ቀን" ብሎ አለፋት። ሌላ ቀን መቼ እንደሆነ እንጃ።

የግል ትምህርት ቤት ደግሞ ትልቁ ልጄ ነበር። እዚያ አዳራሹ ጢም ብሎ የሚሞላው በዓመት አንድ ቀን ነበር፣ የክፍያ ጭማሪ ውይይት ቀን። ትምህርት ቤቱ ከወላጅ ጋር ሳይወያይ መጨመር ስለማይችል ይጠራሃል፣ አንተም ብርህ ስለሆነ ትመጣለህ። ስለ ልጆች አማርኛና ጨዋታ የተጠራው ስብሰባ ላይ ግን ስንት ሰው ነበር መሰላችሁ? የተደረደረው ወንበር ብቻ።

አንድ ያየሁት ጥሩ ነገር ግን ልጨምር። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2012 ጀምሮ የከተማው አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ያበላል አይደል? ምግቡን የሚሠሩት የሰፈር እናቶች ናቸው፣ ከነሱ ውስጥ ልጃቸው እዚያው የሚማር አለች። እነዚህ ሴቶች ስብሰባ ላይ ከሁላችን ይበልጣሉ። የትኛው ልጅ ሰሞኑን ምግቡን እንደሚተው፣ የትኛዋ እንጀራውን በላስቲክ ጠቅልላ ለታናሿ እንደምትወስድ እነሱ ናቸው የሚያውቁት። አንዷ ስለ እንዲህ ዓይነት ልጅ ነግራን ነው ርዕሰ መምህሩ ቤተሰቡን ሄዶ ያናገረው። ማዕረግ የላቸውም፣ ኮሚቴም አይደሉም። በየቀኑ ግቢው ውስጥ ስላሉ ብቻ ነው።

ለጠየቅሽው፣ ጥርስ ይነከስባታል ብለሽ አትፍሪ። ብቻ ስትሄጂ ክስ ይዘሽ አትሂጂ፣ ጥያቄ ይዘሽ ሂጂ። "ሆም ወርክ አበዛችሁ" ካልሽ ይከላከላሉ። "ልጄ በሁለት ሰዓት አትነቃም፣ የግድ አንድ ገጽ ብቻ ብንሠራ የቱን ላስቀድም?" ካልሽ ቲቸሯ ራሷ ትቀንስልሻለች።

እናት ከሰሚት፦

እግዜር ይስጥልኝ። ምስሩን ለእናቴ ነገርኳት፣ "ይሄ ነው እንዴ ትምህርቱ?" ብላ ሳቀች። ከነጋ ጀምሮ አንድ ሰፌድ ምስር አውጥታ ልጅቷን እየጠበቀች ነው፣ የምንበላው ምስር ብቻ እንዳይሆን ፈርቻለሁ።

አንድ የገባኝ ነገር፣ ለካ እኔ ትምህርት ቤት የማወራው ከደብተር ጋር ነው። ቲቸሯን ከመስከረም ጀምሮ በአካል ያየኋት በር ላይ ብቻ ነው። ቀን እናቴ መሄድ ትችላለች፣ ግን "እኔ ምን ብዬ ከተማሩ ሰዎች ጋር አወራለሁ" ትላለች።

ሜሪላንድ ያለሁ፦

እማማን ይዘሻቸው ሂጂ። እምቢ ካሉም አስገድጂያቸው። እኔ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ተመሳሳይ ነገር ደርሶብኝ ነው የምልሽ።

የመጀመሪያ ልጄ ሄድ ስታርት ነበር የገባው። መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች በነፃ የሚሰጠው የቅድመ ትምህርት ፕሮግራም ነው፣ ከ1965 ጀምሮ ያለ (በፈረንጆቹ)። እዚያ ቲቸሯ በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ቤትሽ ድረስ ትመጣለች፣ ደንቡ ነው። መጀመሪያ "ቤት እመጣለሁ" ስትለኝ ደነገጥኩ። ልጁን ሊወስዱብኝ ነው ብዬ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቤት ስወለውል አደርኩ። መጥታ ቡና ጠጣች፣ ፈንዲሻ በላች፣ ከዚያ የጠየቀችኝ ምን መሰለሽ? ልጁ ሲከፋው በምን እንደማባብለው። ምን ዓይነት ዘፈን እንደሚወድ። በአማርኛ "ውሃ ጠማኝ" እና "ሽንቴ መጣ" እንዴት እንደሚባል ወረቀት ላይ ጻፈችው። ልጄ ክፍል ውስጥ ሳምንታት ዝም ብሎ ቆይቶ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ነው አፉን የፈታው።

ፖሊሲ ካውንስል የሚባልም አላቸው፣ ከአባላቱ አብዛኞቹ የልጆቹ ወላጆች መሆን አለባቸው። ቅጥርና በጀት ላይ ሳይቀር ድምፅ ይሰጣሉ። እኔ እንኳን ገብቼ ነበር፣ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ።

እዚህ አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ይሄን ያዙ። እንግሊዝኛ ካልቻላችሁ ትምህርት ቤቱ በሚገባችሁ ቋንቋ ሊያናግራችሁ ግዴታ አለበት፣ ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የመጣ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሆነ አስተርጓሚ በነፃ ጠይቁ፣ በእኛ ካውንቲ አማርኛ አለ። ዲሲም የራሷ የቋንቋ ሕግ አላት፣ ከ2004 ጀምሮ (ይሄም በፈረንጆቹ)። ሐበሻ ግን ያፍራል። ልጁን ራሱን አስተርጓሚ አድርጎ ይቀመጣል። ሦስተኛ ክፍል ልጅ "ቲቸር ጎበዝ ነው አለች" ብሎ ሲተረጉም ያየሁት አለ፣ ቲቸሯ ፊቷ ላይ ግን እንደዚያ የሚል ነገር አልነበረም።

የኔታንያ ልጅ፦

ሰላም። ስለ እማማ የተባለውን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ እስራኤል ነው ያደግኩት። እናቴ ከጎንደር ስትመጣ ዕብራይስጥም አማርኛም ማንበብ አትችልም ነበር። ኬጂ ሳለሁ ኤትጋር የሚባል ፕሮግራም ነበር። በፈረንጆቹ 1969 ኢየሩሳሌም በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነው፣ አቪማ ሎምባርድ የምትባል ምሁር ናት የጀመረችው፣ በኋላ ወደ ብዙ አገር ሄዷል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ልጁን የሚያስተምረው ሌላ ሰው ሳይሆን እናቱ ናት፣ እናቱን የምታሳያት ደግሞ ከዚያው ሰፈር የሆነች ሴት ናት።

የኛዋ ሴትዮ አማርኛ ተናጋሪ ነበረች። በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትመጣለች። ሴትዮዋ እናቴን ልጅ ታደርጋታለች፣ እሷ እናት ትሆናለች፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። "የቱ ይበልጣል? የቱ ከሥር ነው?" እየተባባሉ። እናቴ ልጅ ሆና "አላውቅም!" ስትል እኔ ሶፋው ጀርባ ተደብቄ እስቅ ነበር። ሳምንቱን ደግሞ እናቴ በተራዋ እኔን ትጠይቀኛለች። ጽሑፍ ያለበት ሲሆን ታላቅ እህቴ ታነባለች፣ እናቴ ግን ትጠይቃለች፣ መልሱን የምትቀበለውም እሷ ናት።

እዚያ ቤት ውስጥ የተቀየረው ነገር የኔ ዕብራይስጥ አይመስለኝም፣ እሱንማ መንገድ ላይም እለምደው ነበር። እናቴ ከዚያ በኋላ የወላጆች ስብሰባ ላይ ፊት ወንበር ነበር የምትቀመጠው። ጋኔኔቷን፣ የመዋለ ሕፃናቱን መምህርት ማለቴ ነው፣ በስሟ እየጠራች ነበር የምታወራት። የኛ ሰው መምህር ሲያይ አንገቱን ደፍቶ "እናንተ ታውቃላችሁ" ነው የሚለው። ክብር ነው፣ ገብቶኛል፣ ግን እዚያ አገር ዝም ያለ ወላጅ ግድ የሌለው ወላጅ ተደርጎ ነው የሚታየው።

አባት ከገርጂ፦

እሺ፣ ቲቸር፣ "መኪናህ እናቷን አትናፍቅም" ያልሽው ገባኝ 😄 ግን አንድ ነገር መልሽልኝ። ኮሙኒኬሽን ቡኩም ቴሌግራም ግሩፑም ውስጥ "ውድ እናቶች" ነው የምትሉት። የኔ ልጅ ግሩፕ ስሙ ራሱ "የእናቶች" ነው። ልግባ ስል አድሚኗ "ባለቤትህ አለችበት" አለችኝ። ከዚያ አባት አይከታተልም ይባላል።

የኬጂ ቲቸር፦

እሱስ እውነትህን ነው፣ የኛም ግሩፕ እንደዚያው ነው፣ ነገ ስሙን እቀይረዋለሁ። ሰርቪስ ዘግይቶ ሲደወልም የሚደወለው ለእናት ነው፣ አባትየው ሁለት ቤት አጠገብ ቢሆንም።

ለሰሚቷ እህቴ፣ ስለ እማማ አንድ የምንሠራበት ዘዴ ልንገርሽ። የእኔ ክፍል ውስጥም በአያት የሚያድጉ ልጆች አሉ። ለነሱ ኮሙኒኬሽን ቡክ ትቼ በስልክ ነው የማወራው፣ የቁልፍ ስልክም ቢሆን ይሠራል። ዓርብ ዓርብ ልጆቹ ሲወጡ ሁለት ደቂቃ፣ "እማማ፣ በዚህ ሳምንት ቀለም እየተማርን ነው፣ ቤት ውስጥ ቀይ ነገር ያሳዩዋት" እላለሁ። እሳቸውም "ልጄ፣ ማታ ማታ ታስላለች" ይሉኛል። ቲቸሯን እንዲህ ብለሽ ጠይቂያት፣ ለሁሉም ማድረግ ባትችል ለሁለት ለሦስት ቤት ትችላለች። ስማርት ስልክ ካላቸው ደግሞ ቮይስ ትላክላቸው። ሰርቪሱ ላይ ያለችውን ረዳትም አትናቂያት፣ ብዙ መልእክት በሷ በኩል ነው የሚደርሰኝ።

እናት ከሰሚት፦

ዛሬ ፈቃድ ጠይቄ ጠዋት ከእናቴ ጋር ሄድን። ቲቸሯ ልጅ እግር ናት፣ ከኔም ታንሳለች። እናቴን ስታይ ብድግ ብላ ወንበር ሰጠቻት፣ ከዚያ በኋላ እኔን የሚያናግረኝ ጠፋ፣ ሁለቱ ናቸው ያወሩት። ልጅቷ ምሳዋን ለምን እንደምትመልስ የነገረቻት እናቴ ናት፣ ሹካ ስለሚሰጣት ነው፣ ቤት በእጇ ነው የምትበላው። እኔ ይሄን ጭራሽ አላውቅም ነበር። ሆም ወርኩን በሳምንት ሁለት ቀን አድርገንላታል፣ ቀሪውን ቅዳሜ ባለቤቴ ካለ እሱ ያሠራታል። አስጠኚውን ትቼዋለሁ።

ቲቸር፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ቁጥር ስትጽፍ ሦስትን ገልብጣ ነው የምትጽፈው፣ የእንግሊዝኛ ፊደልም አንዳንዱን ትገለብጣለች። ዓይኗን ላሳያት ወይስ ሌላ ችግር ነው?

የኬጂ ቲቸር፦

በአምስት ዓመት በጣም የተለመደ ነው፣ ከክፍሌ ግማሹ ይገለብጣል። እስከ ሰባት ዓመት አካባቢ ድረስ ብዙ አያሳስብም። "ተሳስተሻል" ብለሽ አታጥፊባት፣ አጠገቡ ትክክለኛውን ትልቅ አድርገሽ ጻፊና በጣቷ ትከተለው፣ አሸዋ ወይም ዱቄት ላይ ብትጽፈው ደግሞ የተሻለ ነው። ሁለተኛ ክፍል ገብታም ካልተዋት፣ ወይም ሰሌዳ ለማየት ዓይኗን የምታጨናብስ ከሆነ ግን ያኔ ሳትቆዪ አሳያት።